ባለ 60 ሄርዝ ሞኒተር 75 ላይ ይሠራል? መልሱ የማይታየው ፒክስል ውስጥ ነው

ጥያቄ፦ «21.5 ኢንች፣ 1920 በ1080 የሆነ ያገለገለ የቢሮ ሞኒተር ገዝቼ በኤችዲኤምአይ ከዴስክቶፔ ጋር አገናኝቻለሁ። ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ ነው። ዊንዶውስ ላይ ከ60 ሄርዝ በላይ ምርጫ አይመጣም። ማኑዋሉ ግን ‹አግድም ከ30 እስከ 83 ኪሎሄርዝ፣ ቁም ከ56 እስከ 75 ሄርዝ› ይላል። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል 75 ብዬ ስሞክር ስክሪኑ ጠቁሮ ‹አውት ኦፍ ሬንጅ› የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ማኑዋሉ ነው የዋሸው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት? በሶፍትዌር 100 ማድረስ ይቻላል የሚሉም አሉ። ሞኒተሩ ይበላሽ ይሆን? በዚያውም ፊደሉ ስላነሰብኝ ሪዞሉሽኑን ወደ 1600 በ900 ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ችግር አለው?»

መልስ፦ ማኑዋሉ አልዋሸም፣ እርስዎም አላጠፉም። ያጠፋው ቁጥሮቹን በራሱ የመረጠው ድራይቨር፣ ማለትም ግራፊክስ ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም ነው። ሞኒተሩ 75 ሄርዝ የመቀበል ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ቁጥሮቹን ግን በእጅ መሙላት አለብዎት። 100 ሄርዙን ይርሱት። 1600 በ900ውን ደግሞ ዛሬውኑ ይመልሱት፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ከስሌቱ ልጀምር፤ ሌላ ሞኒተር ሲገጥምዎትም ወረቀትና እስክርቢቶ ይበቃዎታል።

«ቁም 75 ሄርዝ» ማለት ሥዕሉ በሰከንድ 75 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። «አግድም 83 ኪሎሄርዝ» ደግሞ ሞኒተሩ በአንድ ሰከንድ ሊቀበል የሚችለው የመስመር ብዛት ነው፦ 83 ሺህ። ሞኒተሩ ሲግናሉን የሚቀበለው ሁለቱም ገደቦች አንድ ላይ ሲከበሩ ነው። 1080 መስመር በ75 ሲባዛ 81 ሺህ ይመጣል፤ ከ83 ሺህ ስለሚያንስ የሚያልፍ ይመስላል። ነገር ግን በገመዱ ውስጥ የሚሄደው 1080 መስመር ብቻ አይደለም።

በድሮው ባለ ቱቦ ሞኒተር ሥዕሉን የሚሥለው የኤሌክትሮን ጨረር አንዱን መስመር ጨርሶ ወደ ግራ ጠርዝ፣ ገጹን ጨርሶ ደግሞ ወደ ላይ ለመመለስ ጊዜ ይፈልግ ነበር። ለዚያ መመለሻ ተብሎ ከሥዕሉ ጎን ባዶ ፒክስል፣ ከግርጌው ባዶ መስመር ይጨመር ነበር፤ ስሙ ብላንኪንግ ነው። ቱቦው ቀረ፣ ባዶ ቦታው ግን አልቀረም። እንዲያውም ኤችዲኤምአይ ድምፅን የሚያጓጉዘው በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። ለቴሌቪዥን በወጣው የ1080 ስታንዳርድ መሠረት 1920 በ1080 የሆነው ሥዕል የሚላከው 2200 በ1125 በሆነ ፍሬም ውስጥ ተቀምጦ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ 280 ፒክስል፣ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ 45 መስመር አይታይም።

ድራይቨሩ 75 ሲባል ብዙውን ጊዜ ይህንኑ የ60 ሄርዝ ፍሬም ይዞ ፍጥነቱን ብቻ ይጨምራል። 1125 በ75 ሲባዛ 84,375 ነው፤ 84.4 ኪሎሄርዝ መሆኑ ነው። ሞኒተርዎ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ያለው ይህን አይቶ ነው። 75ን አልተቃወመም፣ 84.4 አልችልም ነው ያለው። ታዲያ ማኑዋሉ ላይ 75 ምን ይሠራል ካሉ፣ የተጻፈው ለዝቅተኛ ሪዞሉሽን ነው። 1280 በ1024 በ75 ሄርዝ ሲላክ 1066 መስመር ስላለው 80 ኪሎሄርዝ አካባቢ ያርፋል፤ 83 ውስጥ ይገባል። ማኑዋል የሚያነብ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ስለሚያያቸው ነው ግራ የሚጋባው።

ሦስተኛ ገደብም አለ፣ ፒክስል ክሎክ ይባላል። በሰከንድ የሚላከው ጠቅላላ ፒክስል ነው፣ የማይታየውን ጨምሮ። 2200 በ1125 በ60 ሲባዛ 148.5 ሜጋሄርዝ ነው። በ75 ሲሆን 185.6 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ የኤችዲኤምአይ ትውልዶችና ነጠላ ሊንክ ዲቪአይ የሚባለው የቆየ የሞኒተር ማገናኛ ከ165 ሜጋሄርዝ በላይ አይሄዱም ነበር። ከኤችዲኤምአይ 1.3 ጀምሮ ጣሪያው 340 ደርሷል፤ ካርድዎም ይህን ይችላል። ግን ካርዱ ስለቻለ ብቻ አይልክም፤ ሞኒተሩ ስለራሱ የነገረውን ያነባል። እያንዳንዱ ሞኒተር ውስጥ ኢዲአይዲ የሚባል ትንሽ የመታወቂያ ፋይል አለ፤ መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው፣ ኤችዲኤምአይ ያለው ሞኒተር ሌላ 128 ባይት ይጨምርበታል። የትኞቹን ሪዞሉሽኖች እንደሚቀበል፣ የመስመርና የሄርዝ ገደቡ ስንት እንደሆነ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። ባለ 60 ሄርዝ የቢሮ ሞኒተር በብዛት የኤችዲኤምአይ ጣሪያውን ሳይጽፍ ይተወዋል፤ ድራይቨሩም 165 ነው ብሎ ይወስዳል። ዊንዶውስ ከ60 በላይ ምርጫ የማያሳይዎትም ኢዲአይዲው ውስጥ ከዚያ በላይ የተጻፈ ስለሌለ ነው።

ስለዚህ 75 ሄርዝ፣ 83 ኪሎሄርዝና 165 ሜጋሄርዝ፣ ሦስቱም ሳይጣሱ ማለፍ አለብን። የሚታየውን ሥዕል መቀነስ አንፈልግም። የሚቀነሰው ባዶው ቦታ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ የሚያደርገው በኮንትሮል ፓነሉ የታይሚንግ (የፍሬሙ ልክ) ዝርዝር ውስጥ «ሲቪቲ ሪዲውስድ ብላንክ» የሚለውን መምረጥ ነው። ይህ ባዶ ቦታውን አሳንሶ የሚያሰላ የታወቀ ቀመር ነው። ለ1080 በ75 ሄርዝ የሚሰጠው 2080 በ1119 ነው። ይባዛ፦ 83.9 ኪሎሄርዝና 174.5 ሜጋሄርዝ። ሁለቱንም ገደቦች ትንሽ ያልፋል፣ ስክሪኑም እንደገና ይጠቁራል። «ሞኒተሬ አይችልም» ተብሎ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ በመስመር በኩል የቀረው ግን አንድ ኪሎሄርዝ እንኳን አይሞላም።

ከዚያ በላይ ማጥበብ የሚቻለው በእጅ ነው። ፍሬሙን 2000 በ1100 ያድርጉት። 1100 በ75 ሲባዛ 82.5 ኪሎሄርዝ፣ 2000 በ1100 በ75 ሲባዛ ደግሞ ልክ 165 ሜጋሄርዝ ይመጣል። ሦስቱም ገደቦች ተከበሩ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያ ሙከራዎን በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ያድርጉት፤ ካልሆነ በራሱ ይመለሳል፣ ማስነሳትም አይጠይቅም። «ቼንጅ ሪዞሉሽን»፣ ከዚያ «ከስተማይዝ»፣ ከዚያ «ክሪኤት ከስተም ሪዞሉሽን» ይክፈቱ። «ታይሚንግ» የሚለውን ከ«ኦቶማቲክ» ወደ «ማንዋል» ሲቀይሩ ግራጫ የነበሩት ሳጥኖች ይከፈታሉ። በአግድም በኩል አክቲቭ ፒክስል 1920፣ ፍሮንት ፖርች 8፣ ሲንክ ዊድዝ 32፣ ቶታል 2000፣ ፖላሪቲ ፖዘቲቭ። በቁም በኩል አክቲቭ 1080፣ ፍሮንት ፖርች 3፣ ሲንክ ዊድዝ 5፣ ቶታል 1100፣ ፖላሪቲ ኔጋቲቭ። ሪፍሬሽ ሬቱ 75። ፍሮንት ፖርች ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ያለው ባዶ፣ ሲንክ ዊድዝ «አዲስ መስመር ጀምር» የሚለው ምልክት ርዝመት፣ የቀረው ደግሞ ባክ ፖርች የሚባለው፣ ከሚቀጥለው ሥዕል በፊት ያለው ባዶ ነው። እዚህ አግድሙ 40 ፒክስል፣ ቁሙ 12 መስመር ይቀረዋል። ፓነሉ ላይ የሚታየው ፒክስል ክሎክ 165 መሆኑን ሳያዩ «ቴስት»ን አይጫኑ፤ ሌላ ቁጥር ካሳየ አንዱ ሳጥን ውስጥ ተሳስተዋል።

ስክሪኑ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ይጠቁራል፤ ይህ የተለመደ ነው። ጥቁር ሆኖ ከቆየ እጅዎን ከኪቦርዱ ያንሡ። በጥቁሩ ውስጥ «ይቀመጥ ወይ?» የሚል የማይታይ ጥያቄ እየጠበቀዎት ነው፤ ተጨንቀው ኢንተር ከጫኑ «አዎ» ብለው የማይሠራውን ሊያጸድቁት ይችላሉ። ዝም ካሉት በሰከንዶች ውስጥ ወደ 60 ይመለሳል።

ፓነሉ ራሱ ሙከራውን ካልተቀበለ፣ ወይም ካርዱ የኢንቴል ከሆነ፣ ከስተም ሪዞሉሽን ዩቲሊቲ ወደሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሂዱ፤ በአጭሩ ሲአርዩ ይሉታል። ይህ ፕሮግራም ሞኒተሩ ውስጥ ምንም አይጽፍም። የሚያደርገው ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት ሬጅስትሪ ውስጥ የተሻሻለ የኢዲአይዲ ቅጂ አስቀምጦ ድራይቨሩ ከሞኒተሩ ይልቅ ያንን እንዲያነብ ማድረግ ነው። ስለዚህ ሞኒተሩን ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰኩት እንደ ጥንቱ ነው። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ገመዱን ወደ ሌላ ፖርት ቢያዞሩት እንኳን እንደ አዲስ ሞኒተር ሊቆጥረው ይችላል።

ሲከፍቱት ከላይ ካለው ዝርዝር ሞኒተርዎን ይምረጡ፤ «አክቲቭ» የሚል ምልክት ያለበትን ማለቴ ነው፤ ከዚህ በፊት የተሰኩ ሞኒተሮችም ስማቸው ሊቀር ይችላል። ምንም ከመንካትዎ በፊት «ኤክስፖርት» በሚለው ቁልፍ የመጀመሪያውን ኢዲአይዲ ፋይል አድርገው ያስቀምጡ። ከዚያ «ዲቴይልድ ሪዞሉሽንስ» ሥር «አድ» ብለው፣ ታይሚንጉን ማንዋል አድርገው፣ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ይሙሉ። ነባሩን የ60 ሄርዝ መስመር አያጥፉ፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ ይቆይ፤ መመለሻዎ እሱ ነው። «ኦኬ» ካሉ በኋላ ምንም አይለወጥም፤ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣውን «ሪስታርት 64» የሚለውን ፋይል ሲያስነሱ ድራይቨሩ ይነሣል፣ አዲሱ ምርጫም ዊንዶውስ ውስጥ ይገባል። ስክሪኑ በ15 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ኤፍ 8ን ይጫኑ፤ ለውጦቹን ሳያጠፋ ለጊዜው ያነሣቸዋል። ነገሩ ከዚያም ከባሰ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ ከፍተው «ሪሴት ኦል» የሚለውን ፋይል ማስነሳት ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። እነዚህን ሁለት ፋይሎች ዴስክቶፕ ላይ ሳያስቀምጡ ሥራውን አይጀምሩ።

165 ላይ ድራይቨሩ «ልክ» ነው ወይስ «አልፏል» የሚለው አንዳንዴ ያወዛግባል። ምርጫው ካልመጣ እዚያው ሲአርዩ ውስጥ ወደ ኤክስቴንሽን ብሎክ (ተጨማሪው 128 ባይት)፣ ከዚያ ወደ ኤችዲኤምአይ ዳታ ብሎክ ገብተው ከፍተኛውን የቲኤምዲኤስ ክሎክ፣ ማለትም ያንን የኤችዲኤምአይ ጣሪያ፣ 170 ብለው ይጻፉ። ይህ ቦታ የሚቀበለው በ5 ሜጋሄርዝ ደረጃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ165 ቀጥሎ ያለው ቁጥር 170 ነው። ወደ 340 መዝለል አያስፈልግም፤ ድራይቨሩ ሌሎች የማይሠሩ ምርጫዎችን ይደረድርልዎታል።

ሥዕሉ መጣ እንበል። ገና አልጨረሱም፤ እንዲያውም አታላዩ ክፍል ይህ ነው። አንዳንድ ሞኒተር በሰከንድ 75 ፍሬም ይቀበልና ፓነሉ ላይ 60 ብቻ ያወጣል፣ የቀሩትን 15 ይጥላቸዋል። የሞኒተሩ ሜኑ «75 ሄርዝ» ብሎ ይጽፋል፣ ዊንዶውስም 75 ይላል፣ ዓይንዎ ግን ከበፊቱ የባሰ መንቀጥቀጥ ያያል። ማጣሪያው ቀላል ነው። የብለር በስተርስ ቴስት ዩፎ የሚባለው ድረ ገጽ የፍሬም ስኪፒንግ (የፍሬም መዝለል) መሞከሪያ አለው፤ በእያንዳንዱ እድሳት አንድ ሳጥን ብቻ የሚበራበት የሳጥን መደዳ ነው። ስልክዎን በአንድ ነገር ላይ አስደግፈው፣ ካሜራውን በፕሮ ሞድ የመዝጊያውን ፍጥነት የሰከንድ አንድ አምስተኛ አድርገው ፎቶ ያንሡ። በ75 ሄርዝ ወደ 15 የሚሆኑ ሳጥኖች ተያይዘው በርተው መታየት አለባቸው። አራት በርተው አንድ ከጠቆረ፣ አራት በርተው እንደገና አንድ ከጠቆረ፣ ሞኒተሩ ከአምስቱ አንዱን እየጣለ ነው፤ ወደ 60 ይመለሱ። ዓይን ብቻውን እዚህ ላይ አይታመንም።

100 ሄርዝ ያሉዎት ሰዎችም በብዛት በዚህ የተታለሉ ናቸው። በዚያ በጠበበው ፍሬም እንኳን 100 ሄርዝ 110 ኪሎሄርዝና 220 ሜጋሄርዝ ይፈልጋል። 83 የሚል ሞኒተር ይህን ተቀብሎ ሥዕል ካሳየ፣ ከሚቀበለው ፍሬም የተወሰነውን እየጣለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሌላው ችግር ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ያ የሲቪቲ ቀመር በፍሬሞች መካከል ቢያንስ 460 ማይክሮሰከንድ ባዶ ጊዜ ይተዋል። እኛ ግን 20 መስመር ብቻ ነው ያስቀረነው፤ በ82.5 ኪሎሄርዝ ይህ 242 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሜሞሪውን ፍጥነት ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሥዕሉ እንዳይረበሽ ብሎ በዚህ ባዶ ጊዜ ውስጥ ነው። ጊዜው ሲያጥረው አንዳንድ ካርድ፣ በተለይ የኤኤምዲ፣ ሜሞሪውን ሁልጊዜ ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ያቆየዋል፤ ምንም ሳይሠሩ ካርዱ ይሞቃል፣ ፋኑ ይጮኻል። ሌላው ደግሞ እየቀየረ ስክሪኑን ብልጭ ያደርገዋል። 75 ካስገቡ በኋላ ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ የካርዱ ሙቀት ከበፊቱ ከጨመረ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አይፈልጉ።

ለዚህ ነው እኔ ብሆን መጀመሪያ 72ን የምሞክረው። በ72 ሄርዝ ፍሬሙን 2040 በ1117 ማድረግ ይቻላል፤ 80.4 ኪሎሄርዝና 164.1 ሜጋሄርዝ ይመጣል። 37 ባዶ መስመር ስለሚኖረው ያ 460 ማይክሮሰከንድ ሳይነካ ይቀራል። አግድሙ ፍሮንት ፖርች 24፣ ሲንክ 32፣ ቶታል 2040፤ ቁሙ ፍሮንት ፖርች 3፣ ሲንክ 5፣ ቶታል 1117፤ ፖላሪቲው እንደ በፊቱ። ከ75 ያለው ልዩነት ለዓይን ኢምንት ነው፦ በ75 አንድ ፍሬም 13.3 ሚሊሰከንድ፣ በ72 ደግሞ 13.9 ይቆያል፤ በ60 ግን 16.7 ነበር።

ምርጫው በሚያዩት ነገርም ይወሰናል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሆነ በ72 ላይ እያንዳንዱ ፍሬም ሦስት ሦስት ጊዜ ይታያል፣ ካሜራ ቀስ ብሎ ሲዞር አይንገጫገጭም። የእኛ አገር ቴሌቪዥን ሥርዓት ደግሞ በ25 ፍሬም ላይ የቆመ ነው፤ በ25 የተቀረጸ ድራማ ወይም ዜና ዩቲዩብ ላይ ሲያዩ 75 እኩል ሦስት ጊዜ ያካፍለዋል፣ 72 ግን አያካፍለውም። 30 ፍሬም የሆነ ቪዲዮ ለሁለቱም አይመችም፣ እሱ የሚስማማው 60 ላይ ነው። ጨዋታ ብቻ ከሆነ 75ን ይያዙ።

የቀሩትን ብልሽቶች ባጭሩ ልለፋቸው። ሥዕሉ ወደ ቀኝ ከተንሸራተተ ቶታሉን ሳይነኩ ፍሮንት ፖርቹን በ8 በ8 ይጨምሩ። እንደ አሸዋ የሚረጩ ባለቀለም ነጠብጣቦች ከታዩ ገመዱን ይቀይሩ፣ ቢቻል በአጭር። ከሞኒተሩ ስፒከር የሚወጣው ድምፅ ከተቆራረጠ አግድሙ ባዶ ቦታ ጠቦበታል፤ ወደ 72ቱ ቁጥሮች ይሂዱ። በመካከል ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ መቀየሪያ ካለ ደግሞ ሁሉንም ይተዉት፤ የእነዚህ መቀየሪያዎች አቅም በተለምዶ 1080 በ60 ላይ ያበቃል፣ ሞኒተሩ ቢችል እንኳን መቀየሪያው አያሳልፍም።

ኢንቴል ላለው አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር ስፋት፣ ቁመት፣ ሪፍሬሽ ሬትና የቀመሩን ዓይነት ይቀበላል እንጂ ፖርችና ቶታል አያስነካም። ስለዚህ በሦስቱ ገደቦች ውስጥ ሆኖ በሲቪቲ ሪዲውስድ ብላንክ ብቻ መሄድ የሚቻለው እስከ 71 ነው። 70 ቢሉት 78.1 ኪሎሄርዝና 162.5 ሜጋሄርዝ ስለሚሆን በሰላም ያልፋል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ሲአርዩ ነው ያለው። የላፕቶፕ የራሱን ስክሪን መሞከር ግን ከዚህ ይለያል፦ እዚያ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ብሎ የሚነግርዎት አካል የለም፣ ዝም ብሎ ይጠቁራል። ሌላ ሞኒተር ሳይሰኩ አይጀምሩት።

ይበላሻል ወይ ላሉት፣ ይህ ስጋት የመጣው ከቱቦው ዘመን ነው። ያኔ ከአቅም በላይ የሆነ የአግድም ፍጥነት የሞኒተሩን የኃይል ክፍል እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችል ነበር። ኤልሲዲ የማይችለውን ሲግናል ሲያይ አይሞክረውም፣ መልእክቱን አሳይቶ ይቀመጣል። እርስዎ ደግሞ እየሠሩ ያሉት ማኑዋሉ ራሱ በፈቀደው 75 ሄርዝና 83 ኪሎሄርዝ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ የሚሠራ ሞኒተር ቢኖርም ውስጡ ያለው ቺፕ ከታሰበለት በላይ እየሞቀ ይሠራል፤ ዋስትና ያለው ዕቃ ከሆነ ዋስትናውንም አብሮ ማሰብ ነው። ለውጡን ካጸደቁ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይጠቀሙበትና፣ ግራጫ ገጽ ከፍተው በሙሉ ስክሪን ይዩት፤ አግድም መስመሮች ወይም የሚዋኝ ጥላ ካለ በግራጫ ላይ ነው ቶሎ የሚታየው።

አሁን ወደ 1600 በ900ው። የኤልሲዲ ፓነል 1920 በ1080 ቋሚ ነጥቦች አሉት፣ አይቀነሱም። 1600 ፒክስል በ1920 ነጥብ ላይ ሲዘረጋ ለአንዱ ፒክስል 1.2 ነጥብ ይደርሰዋል። ነጥብ ስለማይከፈል ቀሪው ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቅሎ ግራጫ ይሆናል። በላቲን ፊደል ይህ ትንሽ መደብዘዝ ነው፤ በእኛ ፊደል ግን ማንበብን ይነካል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ያለችው ጭረት ወደ እግሩ ጫፍ መውረዷ ነው፤ በትንሽ መጠን ሲጻፍ ያቺ ጭረት አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ ናት። እነዚያ ነጥቦች ግራጫ ሲሆኑ ዓይን ከአረፍተ ነገሩ እየገመተ ነው የሚያነበው፣ ማታ ላይ ራስ ምታት ካለብዎት ይሄም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሪዞሉሽኑን ወደ 1920 በ1080 መልሰው፣ እዚያው የዊንዶውስ ዲስፕሌይ ገጽ ላይ «ስኬል» የሚለውን 125 በመቶ ያድርጉት። ፊደሉ ከ1600 በ900ው እንኳን ይተልቃል፤ የሚሠሩበት ቦታ 1536 በ864 ያህል ይሆናል፣ ግን እያንዳንዱ ጭረት በፓነሉ ሙሉ ነጥብ ይሣላል። ከዚያ ከዊንዶውስ አካውንትዎ ወጥተው እንደገና ይግቡ፤ የቆዩ ፕሮግራሞች እስከዚያ ድረስ ደብዝዘው ይቆያሉ። ይህን ካደረጉ በኋላ ነው የሄርዙን ሥራ መጀመር ያለብዎት፤ ከላይ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ የተሰሉት ለ1920 በ1080 ነው።